በየማታው የምጠራው ጅብ

ልጄ ቤተል ከትምህርት ቤት ያመጣችውን የሥዕል መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግታ፣ «ማሚ፣ ተኩላው እኮ ፍየሎቹን ሊበላ አልነበረም። መንገድ ጠፍቶበት ሊጠይቃቸው ነው ያንኳኳው» ያለችኝ ቀን፣ ነገሩ ትምህርት ቤት ድረስ ያስጠራኛል ብዬ አላሰብኩም። ያን ቀን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ልጅ አላሳደገም።

«መንገድ የጠፋበት እንዲህ ጥርሱን ያሳያል?» አልኳት ሥዕሉን እየጠቆምኩ።

«እየሳቀ ነው።»

«ተኩላ ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንቺስ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰባት ዓመቷ ነው። መልስ አታጣም።

ሙሉ እባላለሁ። ያደግኩት ደብረ ሲና ነው፤ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ ማንበብና መጻፍ እወዳለሁ። እንግሊዝኛዬ ግን ከሥራና ከገበያ አያልፍም። ባለቤቴ ዳንኤል ስፖንሰር አድርጎኝ ቶሮንቶ መጣሁ፣ ቤተልን እዚሁ ወለድኳት። የምንኖረው ሴንት ጄምስ ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳንኤል የትራክ ሹፌር ነው፤ ጭነት ይዞ ከወጣ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። እኔ ልጄ ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት ቢሮ አጸዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የእኔና የእሷ ነው።

ጓደኞቼ ፈሪ ናት ይሉኛል። እኔ ጠንቃቃ ነኝ ነው የምለው። ቤተል ትንሽ ሳለች አንድ ቀን የሕንፃችን የእሳት ደወል ጮኸ። ኤሌቬተሩ ቆመ፤ ሰዉ ሁሉ በደረጃው ወረደ። በግፊያው መሐል እጇ ከእጄ ወጣ። እሳት አልነበረም፤ ልጄንም አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ታች በር ላይ ታቅፋት አገኘኋት፤ ብስኩት ሰጥታት እየበላች ነበር። ነገሩ እዚያው አበቃ። ለእኔ ግን አላበቃም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳንኤል መንገድ ላይ ሲሆን፣ ልጄ መተኛቷን አይቼ፣ አንድ የወጥ ቤት ወንበር በሩ ላይ አስደግፌ እቀመጥበት ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚሄደው ሰው ሁሉ እግሩ ጸጥ እስኪል ድረስ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለዳንኤልም።

ልጅ ማስተኛትን በተመለከተ ደግሞ እናቴ ያደረገችውን ነው ያደረግኩት። አልተኛም ስትል፣ «አያ ጅቦ፣ ና፣ ይቺን የማትተኛ ልጅ ብላልኝ» እላለሁ። ደብረ ሲና እናቴ እንዲህ ስትል ጅቡ በእውነት ከገደሉ ሥር ይጮህ ነበር። ሴንት ጄምስ ታውን ጅብ የለም። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ግን ሞልቷል። ሳይረኑ ሲያልፍ፣ «ሰማሽ? ደረሰልሽ» እላታለሁ። ብርድ ልብሷን ትሸፈናለች፣ ዝም ትላለች። ተኛች ማለት ነው። እንዲህ ነበር የማስበው።

ወደ መጽሐፎቹ ልመለስ። አስተማሪዋ ሚስ ካርተር በዚያ ሰሞን ለክፍሉ ሁሉ የምታድለው፣ የታወቁትን ተረቶች ክፉው ሰው በራሱ አፍ የሚተርክባቸውን መጽሐፎች ነበር። በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ክፉ ቤታችን ይገባል። እንጀራ እናትየዋ ልጅቷን ሥራ የምታበዛባት ለካ ጉልበቷን እያመማት ነው። ሰው የሚበላው ግዙፍ ሰውዬ ጓደኛ አጥቶ ነው። ዘንዶው እሳት የሚተፋው ጉሮሮው ቆስሎ ነው። ቤተል ታነባለች፣ ታስረዳኛለች፣ ታዝንላቸዋለች። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ያልታዘነለት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቢያበሳጨኝም በሳቅ ባለፍኩት ነበር። ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሰን ሽንኩርት ስከትፍ በሩ ተንኳኳ። ቀና ስል ቤተል እጀታውን ይዛለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል።»

ቢላዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። የሌላ ሰው ምግብ ያመጣ ልጅ ነው፤ ቢላውን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በእውነትም ፎቅ ጠፍቶበት ነው። ቤተል፣ «አላልኩሽም?» አለችኝ።

በሩን ለማንም እንዳትከፍት ብዬ የፍየሏንና የግልገሎቿን ተረት ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ያን ሁሉ ልፋት አንድ ቀጭን መጽሐፍ አፈረሰው። ለዳንኤል ደወልኩለት።

«ተኩላውን ይከላከላሉ እኮ» አልኩት።

«ምን ችግር አለው? አገራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁለቱንም ወገን አይሰማም?»

«ፍየሏንና ተኩላውን ማን አስታርቆ ያውቃል?»

«ላኪኝና ልሞክር» ብሎ ሳቀ። ትራክ ውስጥ ተቀምጦ መሳቅ ቀላል ነው። በሩ የሚንኳኳው እኔ ላይ ነው።

በመጨረሻ ሚስ ካርተር ልጆቹ ራሳቸው እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዲሠሩ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። ቤተል የቀለም እርሳሶቿን ይዛ አልጋዋ ሥር ገብታ ትሠራ ጀመር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወረቀቱን በሆዷ ትሸፍናለች። «ሰርፕራይዝ ነው» ትለኛለች። እኔም ተውኳት። ቢያንስ ጸጥ ብላለች ብዬ።

መጽሐፉን ካስረከበች በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ቦታ ምንጣፍ እየጠረግሁ ስልኬ ጮኸ። ሚስ ካርተር ናት። ቤተል ደህና እንደሆነች መጀመሪያ ነገረችኝ። ከዚያ ከትምህርት በኋላ ለሚቲንግ ብመጣ ደስ እንደሚላት፣ የልጆችን ደህንነት የምትከታተለው የትምህርት ቤቱ ሶሻል ወርከርም እንደምትገኝ፣ አስተርጓሚም እንዳዘጋጁልኝ በዝግታ ተናገረች። እኔ የሰማሁት ሶሻል ወርከር የሚለውን ብቻ ነው።

እዚህ አገር የምትኖር አበሻ እናት ይህን ቃል ስትሰማ ምን እንደሚሆናት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ማለት ነው። እንዲህ መሆኑን ማንም አላረጋገጠልኝም፤ ሁላችንም ግን እንዲህ እንደሆነ እናውቃለን።

አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁና ጓደኛዬ ሂሩት ጋ ደወልኩ።

«ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«መተሻታል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ቆንጥጠሻታል?»

«ሂሩት፣ አንቺም ሶሻል ወርከር ሆንሽ?»

«ለአንቺው ብዬ ነው። ምንም ነገር እንዳትፈርሚ። ብዙ አታውሪ። ደግሞ ቤት ሊመጡ ይችላሉ፤ ፍሪጅሽ ሙሉ ይሁን። ማማሰያሽንም ደብቂ።»

«ማማሰያዬ ምን አደረገ?»

«አንዷ ልጇ በማማሰያ ታስፈራራኛለች ብሎ ተናግሮባት ነው ጣጣ ውስጥ የገባችው።»

የትኛዋ እንደሆነች ብጠይቃት ስሟን አታውቅም። ሂሩት የምታውቃቸው እንዲህ ያሉ ሴቶች ሁሉ ስም የላቸውም። ቢሆንም ቤት ገባሁና የጸዳውን እንደገና አጸዳሁ። ወተትና ፍራፍሬ ገዝቼ ፍሪጁን ሞላሁ። ማማሰያውን ከሲንኩ ሥር፣ ከባልዲው ጀርባ ደበቅኩት። በሩ ላይ ደርሼ ደግሞ አሰብኩ። ማማሰያ የሌለበት የአበሻ ወጥ ቤት የባሰ አያስጠረጥርም? ተመልሼ አውጥቼ ቦታው ሰቀልኩት። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን የልጄን የክረምት ጃኬት ከመስቀያው ላይ አንስቼ፣ አንገትጌውን አሽትቼ ነው የወጣሁት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ የሚጠብቀኝን አስተርጓሚ አየሁና ተመልሼ ለመሄድ ትንሽ ቀረኝ። ጋሽ መላኩ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ እዚህ ስመጣ ትዳራችንን የባረኩልን ሰው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የማስተርጎም ሥራ እንደሚሠሩ ሰምቼ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ግን እሳቸው ይደርሱኛል ብዬ አልገመትኩም።

«እንዴት ዋልሽ ሙሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ዋሉ ጋሽ መላኩ?»

«ደህና። ሰው ቢቀየር የምትመርጪ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቀየምም። ከፈቀድሽ ግን ዛሬ እኔ አፍና ጆሮ ብቻ ነኝ። የሰማሁት እዚሁ ይቀራል።»

እሳቸውን አምናለሁ። የማላምነው ባለቤታቸውን ነው። ነገር ግን ሌላ ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ልብ አልነበረኝም፤ ይሁን አልኩ።

የገባንበት ክፍል ወንበሮቹ የልጆች ናቸው። ጋሽ መላኩ ረጅም ሰው ስለሆኑ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ሚስ ካርተር አለች። ሶሻል ወርከሯ ጎልማሳ፣ ጠይም፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ቤተል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለችና እንዳልጨነቅ ነገሩኝ። አትጨነቂ ስባል ነው የባሰብኝ።

ሚስ ካርተር ጠረጴዛው ላይ የቤተልን መጽሐፍ አስቀመጠች። ሽፋኑ ላይ ሕንፃችን ተሥሏል፤ መስኮቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ። ከሥሩ ሻንጣ የያዘ፣ ነጠብጣብ ያለው እንስሳ ቆሟል። አንድ እግሩ አጠር ያለ ነው። ጅብ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ።

ሶሻል ወርከሯ ተናገረች፤ ጋሽ መላኩ ተረጎሙ። «ቤት ውስጥ ለቤተል፣ ሊበላት የሚመጣ አለ ተብሎ ይነገራታል ወይ? ይላሉ።»

«ሰው አይደለም፤ ጅብ ነው» አልኩ።

ይህ መልስ ነገሩን የሚያቃልለው መስሎኝ ነበር።

«ማነው የሚጠራው? ይላሉ።»

«እኔ።»

ሶሻል ወርከሯ ብዕሯን አነሳች።

«ምን ያህል ጊዜ ትጠሪዋለሽ? ይላሉ።»

«በየማታው።» ቶሎ ብዬ ጨመርኩ፤ «ግን መጥቶ አያውቅም።»

ጋሽ መላኩ የመጨረሻውን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ተሰበረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ስል ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቃቸውን ውጠው ፊታቸው ቀልቷል። መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ መልሰው ለእኔ በአማርኛ፦ «አስተርጓሚ ከራሱ ምንም መናገር አይፈቀድለትም። ካልከለከላችሁኝ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ሁለቱን አስፈቅጃለሁ። አንቺም ፍቀጂልኝ።»

«ይናገሩ።»

ምን እንዳሏቸው በኋላ ነገሩኝ። እናታቸው በዚሁ ጅብ እንዳስተኟቸው፣ የእናታቸውም እናት እንዲሁ፣ ጅቡ ከዚህ ሁሉ ቤት ተጠርቶ አንዱንም ሳይበላ እንዳረጀ። ሶሻል ወርከሯ ፈገግ አለችና ብዕሯን አስቀመጠች። የእሷም አያት ከባሕር በምትወጣ ክፉ ሴትዮ ያስፈራሯት እንደነበር ተናገረች።

ልቤ ወደ ቦታው ሊመለስ ነበር። ከዚያ ብስጭቴ መጣ። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ነፍሴን ያወጡት? ለዚህ ነው ማማሰያ ስደብቅና ሳወጣ የዋልኩት? «እናንተ ተኩላ ደግ ነው ብላችሁ ስታስተምሩ ማንም አይጠራችሁም፤ እኔ ጅብ ክፉ ነው ስል ተጠራሁ» አልኩ። ጋሽ መላኩ አንድም ቃል ሳይጥሉ ተረጎሙት። እንዲያውም ከራሳቸው ትንሽ ጨምረውበት ይመስለኛል።

ሚስ ካርተር አልተቆጣችም። «የጠራንሽ በጅቡ ምክንያት ብቻ አይደለም» አለች። «ቤተል ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ይተኛባታል። አንዳንድ ሳምንት ደህና ናት፤ አንዳንድ ሳምንት ግን በየቀኑ። ለምን እንደማትተኛ ጠየቅኳት። መጽሐፌን አንብቢው አለችኝ። አንቺም እንድትሰሚው ነው የፈለግነው።»

አንዳንድ ሳምንት የተባለው ዳንኤል የሌለበት ሳምንት መሆኑን ከመተርጎማቸው በፊት ነው ያወቅኩት።

ጋሽ መላኩ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን ከፈቱ። እንግሊዝኛውን በዓይናቸው እያዩ በአማርኛ ያነቡልኝ ጀመር። አስተርጓሚ ተናጋሪው እንዳለው ነው የሚለው፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲሰብኩ በሰማሁት ድምፅ፣ ጅቡ ራሱ ያናግረኝ ጀመር።

«እኔ ጅብ ነኝ። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«የምኖረው ኢትዮጵያ ነው። አንዲት እናት በየማታው ከቶሮንቶ ትጠራኛለች። ናና ልጄን ብላ ትለኛለች።

«ሩቅ ነው። አውሮፕላን ጅብ አይጭንም። ስለዚህ ሳይረን ባለው መኪና እመጣለሁ።

«ኤሌቬተሩ ተበላሽቷል። እስከ አሥራ አራተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። አነክሳለሁ።»

እዚህ ላይ ሁላችንም ሳቅን። እኔም። ገጹን ገለጡ።

«ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጠርታኝ ትቆልፍብኛለች። ምን እንደምትፈልግ አይገባኝም።

«ከዚያ ወንበር ስትጎትት እሰማለሁ። ወንበሩን በሩ ላይ ታስደግፋለች። እላዩ ላይ ትቀመጣለች። ወንበሩ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። እናትየዋ እየተንቀጠቀጠች ስለሆነ ነው።»

ጋሽ መላኩ ቆም አሉ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። ሥዕሉን ወደ እኔ አዞሩት። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በአንድ በኩል ኮሪደሩ ላይ ጅቡ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። በሌላ በኩል ወንበር ላይ አንዲት ሴት፣ ቢጫ የሌሊት ልብስ ለብሳለች። ቢጫው የእኔ ነው። በመካከላቸው በሩ ብቻ ነው። ሁለቱም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተዋል።

«ይቀጥሉ» አልኳቸው።

«ልጅቷን መብላት አልፈልግም። ልጅቷም አልተኛችም። እሷም እንደ እኔ ወንበሩን ትሰማለች። ልጅቷ እኔን አትፈራም። ግን ወንበሩ ዝም እስኪል አትተኛም።

«እባክሽ፣ ወይ ክፈቺልኝ፣ ወይ አትጥሪኝ። አመሰግናለሁ። ጅቡ።»

መጽሐፉን ዘጉት። ሚስ ካርተር መሐረብ አቀረበችልኝ፤ እንደማለቅስ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሶሻል ወርከሯ ወንበሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሂሩት ብዙ አታውሪ ብላኝ ነበር። እኔ ግን የእሳት ደወሉን፣ ደረጃውን፣ ከእጄ የወጣችውን ትንሽ እጅ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ያን ያህል ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በባረኩን ሽማግሌ አፍ። ጋሽ መላኩ «በጣም እፈራለሁ» ያልኩትን ሲተረጉሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ማንም ልጄን አልወሰደብኝም። ሶሻል ወርከሯ ፍርሃቴን የማወያየው ሰው ልታገናኘኝ እንደምትችል ነገረችኝና ምርጫውን ለእኔ ተወች። ስንወጣ ጋሽ መላኩ ካፖርታቸውን እየለበሱ፣ «ልጄ፣ እንደ አስተርጓሚ አይደለም አሁን» አሉኝ፤ «ዳንኤል ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲህ ከጅቡ በኋላ እሱ ይወቀዋ» ብለው ሄዱ።

ቤተል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቦርሳዋን አንግታ ተቀምጣ ነበር። ፊቴን አጥንታ ተነሳች። ወደ ቤት መንገድ ጀመርን።

«አልወደድሽውም?» አለችኝ ግማሽ መንገድ ላይ።

«ጅቡ ጨዋ ነው። አመሰግናለሁ ይላል።»

«ሚስ ካርተር ማንም ያልጠየቀውን ምረጡ አለችን። ጅቡን ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ የምታናግሪው።»

«ወንበሩን ስትሰሚ ለምን አልጠራሽኝም?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «ተኛች ብለሽ እንድታስቢ። ካልተኛሁ ትጨነቂያለሽ።»

መንገዱ መሐል ቆምኩ። እኔ እሷን እጠብቃለሁ ብዬ በር ላይ ስቀመጥ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ ኖራለች። ብርድ ልብሱ ውስጥ ዝም የምትለው ጅቡን ፈርታ አልነበረም።

«ቤቲዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የምፈራው እኔ ነኝ።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለችኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ እጇን እጄ ውስጥ አስገባች።

ማታውን ለዳንኤል ደወልኩ። ወንበሩን ነገርኩት። «ስንት ዓመት፣ ሙሉ?» አለኝ። ነገርኩት። በተኩላው እንደቀለደው አልቀለደበትም። ከዚያ፣ «ስፒከር ላይ አድርጊኝና በሩን አብረን እንቆልፈው» አለ። ቤተል ቁልፉን አዞረች፣ እጀታውን ሁለት ጊዜ ስባ ሞከረች፣ «ተቆልፏል ዳዲ» አለች። ወንበሩን አንስቼ ወጥ ቤት መለስኩት። አልጋዋ ላይ ስትወጣ ከታች ሳይረን አለፈ። ሁለታችንም አዳመጥን።

«አትጠሪውም?» አለችኝ።

«ተወው፣ ያነክሳል። ደረጃው ይበዛበታል።»

ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ተኛች። በእውነት ተኛች። አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿ ሲለወጥ ስሰማ፣ የተኛ ልጅ ትንፋሽ ከመሰለኝ የተለየ መሆኑን አወቅኩ።

ይህን የምጽፍላችሁ እናቶች፣ ተኩላው ትክክል ነበር ልላችሁ አይደለም። ተኩላ ተኩላ ነው። የፍየሏን ተረት አሁንም እነግራታለሁ፤ በሩንም ለማንም አትከፍትም። በዚህ ጉዳይ ከሚስ ካርተር ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ባገኘኋት ቁጥር እነግራታለሁ። ግን ልጆቻችሁን በጅብ ስታስተኙ፣ ከመሸፈኛው ሥር ያለውን ጆሮ አስቡት። እኛ ያስፈራናቸውን ሳይሆን እኛ የምንፈራውን ነው የሚሰሙት። እኔ ከልጄ ሁሉን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበሩ እንዴት እንደሚጮህ እንኳ ታውቅ ነበር፤ የምትነግርበት አፍ አጥታ ከጅብ ተዋሰች። እኔ የጠላኋቸው መጽሐፎች ናቸው ይህን ያስተማሯት። ይህም ያበሳጨኛል።

ፍርሃቱ እንደሆነ አልሄደም። ሶሻል ወርከሯ ያገናኘችኝን ሴት አገኛታለሁ፤ ዳንኤልም ከየትም ቦታ ሆኖ በመኝታ ሰዓት ይደውላል፤ ቤተል ቁልፉን ታዞራለች። በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የጋሽ መላኩ ባለቤት እንደወትሮው ሳሙኝ፤ ምንም አልሰሙም። ጋሽ መላኩ በአጠገቤ ሲያልፉ ብቻ ጎንበስ ብለው፣ «ጅቡ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ሥራ ፈቷል ጋሽ መላኩ።»

«ይገባዋል፤ አርጅቷል» ብለው አለፉ።

ትናንት ቤተል አዲስ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሽፋኑ ላይ አፍንጫዋ የተቆለመመ አንዲት አሮጊት ድስት ታማስላለች።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆንኩ ትላለች?» አልኳት።

«ማሚ፣ ሳትሰሚ አትፍረጂባት።»

ማማሰያዬን አስቀመጥኩና እጄን አደረቅኩ።

«እሺ፣ አንብቢልኝ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን በሩን ቆልፈሽ ነይ።»